ሲንተቲክ ወይስ ሚኒራል? የዘይት ጋሎኑ ጀርባ ሲነበብ

የሞተር ዘይት የሚገዛ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በጋሎኑ ፊት በትልቁ የተጻፈው «ሲንተቲክ» የሚለው ቃል ላይ ነው። ሞተሩን የሚመለከተው መረጃ ግን ጀርባው ላይ በደቃቅ ፊደል ሰፍሯል። ይህ ግምገማ በየመደርደሪያው የሚገኙትን ሦስቱን ዘይቶች ይመለከታል፦ ብዙ ሰው «ተራው ዘይት» የሚለውን ሚኒራል፣ ሰሚ ሲንተቲክና ሙሉ ሲንተቲክ። ፍርዱን ከወዲሁ ለማስቀመጥ ያህል፣ ቱርቦ ላለው ሞተር፣ ፋብሪካው 0ደብሊው ወይም 5ደብሊው (በቅዝቃዜ ቶሎ የሚፈስ፣ ትርጉሙ ከታች ያለ) ዘይት ላዘዘለት መኪና፣ እንዲሁም ብርቱ ቅዝቃዜ ወይም ብርቱ ሙቀት ለሚያገኘው ሁሉ ሲንተቲክ ወጪው የሚገባው ነው። ቱርቦ ለሌለው፣ ብዙ ለሠራና ዘይት መብላት ለጀመረ ሞተር ግን በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ሳይዛነፍ የሚቀየር ጥሩ ሚኒራል 20,000 ከተነዳበት ሲንተቲክ እጅግ ይሻላል።

ቃሉ ከየት መጣ?

የሞተር ዘይት አብዛኛው ክፍል፣ ብዙ ጊዜ ከ75 እስከ 90 በመቶ የሚሆነው፣ መነሻ ዘይት ነው። የቀረው አዲቲቭ የሚባሉት ኬሚካሎች ናቸው፤ ቆሻሻ የሚያጥቡ፣ ብረት ከብረት እንዳይፋቅ የሚከላከሉ፣ አረፋ የሚያጠፉ፣ ዝገት የሚከለክሉ። የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት፣ በአጭሩ ኤፒአይ፣ መነሻ ዘይቶችን በ5 ምድብ ይከፍላቸዋል። ምድብ 1 እና 2 ከድፍድፍ ነዳጅ ተጣርተው የሚወጡት፣ ሚኒራል የሚባሉት ናቸው። ምድብ 3 ከዚያው ከድፍድፍ ይመጣል፤ ነገር ግን በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት በሃይድሮጅን ሞለኪውሎቹ ተሰባብረው እንደገና ስለሚስተካከሉ ንጽሕናው ሌላ ደረጃ ላይ ይደርሳል። ምድብ 4 ፒኤኦ የሚባለው ነው፤ በኬሚካል ፋብሪካ ከትናንሽ ሞለኪውሎች ተገጣጥሞ የሚሠራ። ምድብ 5 ኤስተርን ጨምሮ የቀሩትን ሁሉ ይይዛል።

ቀድሞ ሲንተቲክ ሲባል ምድብ 4 እና 5 ማለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዘይት አምራቹ ካስትሮል ምድብ 3ን «ሲንተቲክ» ብሎ መሸጥ ሲጀምር ተፎካካሪው ሞቢል አቤት አለ፤ ጉዳዩን ያየው የአሜሪካ የማስታወቂያ ተቆጣጣሪ አካል እ.ኤ.አ. በ1999 ለካስትሮል ፈረደ። ከዚያ ወዲህ ጀርመንን ከመሰሉ ቃሉን ጠበቅ አድርገው ከያዙ ገበያዎች በቀር፣ «ሙሉ ሲንተቲክ» ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው ዘይት በምድብ 3 ላይ የተሠራ ነው። ይህን ማጭበርበር ማለት አይቻልም። ጥሩ አዲቲቭ የገባበት ምድብ 3 ዘይት ለአብዛኛው የመንገድ መኪና ከበቂ በላይ ነው። ችግሩ ቃሉ ብቻውን የዘይቱን ጥራት አለመናገሩ ነው። ሰሚ ሲንተቲክማ ከዚህም የባሰ ድፍን ቃል ነው፤ ምን ያህሉ ሲንተቲክ መሆን እንዳለበት የሚያስገድድ አንድ ወጥ መለኪያ የለም። 10 በመቶም ቢሆን፣ 40 በመቶም ቢሆን ጋሎኑ ላይ የሚጻፈው ያው ነው። ሰሚ ሲንተቲክ የሚገዛ ሰው ጀርባው ላይ ያለውን የደረጃ ጽሑፍ ከማንም በላይ በጥንቃቄ ማንበብ ይኖርበታል።

ሙቀት፣ ቅዝቃዜና ትነት

የሚኒራል ዘይት ሞለኪውሎች መጠናቸው የተዘበራረቀ ነው። ትናንሾቹና ቀላሎቹ ሞተሩ ሲግል ይተናሉ፤ ሰም የሚባሉት ደግሞ ሲበርድ ይረጋሉ። የሲንተቲክ ሞለኪውሎች ይበልጥ ተመሳሳይ በመሆናቸው ሁለቱም ጣጣ ይቀንሳል። ትነት የሚለካው ኖአክ በሚባል ፈተና ነው፤ ዘይቱ በ250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ1 ሰዓት ይሞቅና ስንት በመቶው እንደጠፋ ይመዘናል። ለዘመናዊ የቤንዚን ሞተር ዘይቶች ጣሪያው 15 በመቶ ሲሆን ኤ3/ቢ4 የሚባለው የአውሮፓ ደረጃ 13 በመቶ ይላል። የተነነው ዘይት ዝም ብሎ አይጠፋም። በሞተሩ የጭስ መተንፈሻ በኩል ወደ አየር ማስገቢያው ይሳብና ቫልቭ ላይ ጥቀርሻ ሆኖ ይጋገራል። ከሞተሩ ዘይት አይንጠባጠብም፣ ሰማያዊ ጭስም አያወጣም፣ ግን መለኪያ ዘንጉ ላይ ያለው መጠን ይወርዳል የሚባልበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ቱርቦ ላይ ልዩነቱ ጎልቶ ይወጣል። የቱርቦው ዘንግ በዘይት ላይ ተንሳፍፎ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል፤ በአንድ ጎኑ ያለው የጭስ ሙቀት ብረቱን ያቀላል። አሽከርካሪው ዳገት ወጥቶ ወዲያው ሞተሩን ሲያጠፋ የዘይቱ ዝውውር ይቆማል፣ ቱርቦው ውስጥ የቀረችው ጥቂት ዘይትም እዚያው ትጠበሳለች። ሚኒራል ቶሎ ከሰል ይሆንና የዘይት መግቢያዋን ቀጭን ቱቦ ይዘጋል። ሲንተቲክ ይህን ይቋቋማል፤ ቢሆንም ሞተሩን ከማጥፋት በፊት አንድ ሁለት ደቂቃ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ማሠራት ለየትኛውም ዘይት ይጠቅማል።

እ.ኤ.አ. በ2017 የአሜሪካ አውቶሞቢል ማኅበር የሁለቱንም ዓይነት ዘይቶች በታወቁ የላቦራቶሪ ፈተናዎች አወዳድሮ ሲንተቲኮቹ በአማካይ 47 በመቶ የተሻለ ውጤት እንዳገኙ አስታውቋል። ይህን ቁጥር «ሞተር 47 በመቶ ዕድሜ ይጨምራል» ብሎ መተርጎም ስሕተት ነው። የተለካው ትነት፣ የጥቀርሻ መጠን፣ በቅዝቃዜ መፍሰስና የመሳሰለው የዘይቱ ባሕርይ እንጂ የሞተር ዕድሜ አይደለም።

5ደብሊው-30 ማለት ምን ማለት ነው?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከደብሊው በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በቅዝቃዜ ሞተር ሲነሣ እንዴት እንደሚሆን ይናገራል፤ 5ደብሊው ከዜሮ በታች በ30 ዲግሪ፣ 10ደብሊው በ25፣ 15ደብሊው በ20፣ 20ደብሊው በ15 ይፈተናል። ሁለተኛው ቁጥር የሞቀው ዘይት ውፍረት ነው። በ100 ዲግሪ 30 የተባለው ከ9.3 እስከ 12.5 ሴንቲስቶክ (የውፍረት መለኪያ)፣ 40 የተባለው ከ12.5 እስከ 16.3፣ 50 የተባለው ከ16.3 እስከ 21.9 ይሆናል። ስለዚህ 5ደብሊው-40 እና 15ደብሊው-40 ሞተሩ ከሞቀ በኋላ በአንድ የውፍረት ክልል ውስጥ ናቸው። «5 ቀጭን ስለሆነ ሞተር ይበላል» የሚለው ወሬ መሠረት የለውም።

«እዚህ በረዶ የለም፣ ቅዝቃዜው አይመለከተኝም» የሚለውም ሙሉ በሙሉ አያስኬድም። 20ደብሊው-50 በ40 ዲግሪ ሙቀት እንኳ ከ5ደብሊው-30 ከእጥፍ በላይ ይወፍራል። ሌሊቱን ያደረ ሞተር ጠዋት ሲነሣ ዘይቱ ቴስታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ላይ ያሉት ክፍሎች ጋ እስኪደርስ የሚያልፉት ሰከንዶች ብረት የሚበላባቸው ናቸው። በሌላ በኩል ፋብሪካው 20ደብሊው-50 ያዘዘለትን፣ በብሮንዞቹ (የሞተሩን ዘንግ በሚያቅፉት ቀጫጭን ብረቶች) መካከል ሰፋ ያለ ክፍተት ያለውን የድሮ ሞተር በ0ደብሊው-20 መሙላት የዘይት ግፊቱን ያወርዳል። መመሪያ መጽሐፉ ላይ የተጻፈው ውፍረት የሚቀድም ነው።

አንድ ሌላ ነገር ከጋሎኑ ላይ አይታይም። መነሻው ሚኒራል የሆነ ዘይት ሰፊ የሙቀት ክልል እንዲሸፍን ብዙ ፖሊመር ይጨመርበታል። እነዚህ ረጃጅም ሞለኪውሎች በማርሽና በብሮንዝ መካከል እየተቆራረጡ ያጥራሉ፤ 30 ሆኖ የገባው ዘይት ከጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ ወደ 20 ይጠጋል። የተሻለ መነሻ ዘይት ያለው ሲንተቲክ ጥቂት ፖሊመር ስለሚበቃው ውፍረቱን ይዞ ይቆያል።

በደቃቁ የተጻፈው

ኤፒአይ ለቤንዚን ሞተር በኤስ፣ ለናፍጣ በሲ የሚጀምር ደረጃ ይሰጣል፤ ሁለተኛው ፊደል በእንግሊዝኛ የፊደል ተራ ወደ መጨረሻው በቀረበ ቁጥር ደረጃው አዲስ ነው። ኤስኤል እ.ኤ.አ. የ2001፣ ኤስኤም የ2004፣ ኤስኤን የ2010፣ ኤስፒ የ2020 ነው። ለናፍጣ ሲአይ-4ና ሲኬ-4 ይገኛሉ። ኤስኤፍ የሚል ዘይት ዛሬም ይሸጣል፤ ኤፒአይ ራሱ እ.ኤ.አ. ከ1988 በኋላ ለተሠሩ አብዛኞቹ የቤንዚን ሞተሮች እንደማይሆን ያስጠነቅቃል። ፊቱ ላይ የውድድር መኪና የተሣለበት ኤስኤፍ ዘይት ከገዙ፣ ሥዕሉን እንጂ ዘይቱን አልገዙም።

ኤስፒ ከኤስኤን የሚለይበት ዋናው ነገር አነስተኛ የቱርቦ ቤንዚን ሞተሮችን የሚመለከት ነው። በእነዚህ ሞተሮች ውስጥ በዝቅተኛ ዙር ከፍተኛ ጭነት ሲመጣ፣ ለምሳሌ በ5ኛ ማርሽ ዳገት ሲገፋ፣ ከፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አካባቢ የዘይትና የቤንዚን ቅልቅል ጠብታ ትወጣና ካንዴላው ሳይጭር ቀድማ ትቀጣጠላለች። ግፊቱ ፒስተን እስከ መስበር ይደርሳል። በማጠቢያ አዲቲቭ ውስጥ ያለው ካልሲየም ሲበዛ ይህ እንደሚባባስ ስለታወቀ በአዲሶቹ ዘይቶች ከፊሉ በማግኒዥየም ተተክቷል። የኤስፒ ፈተና ይህንንና የካቴና መበላትን ይጨምራል። እንዲህ ያለ ሞተር ያለው ሰው ሲንተቲክ የሚለውን ቃል ትቶ ኤስፒ የሚለውን ይፈልግ።

የጭስ ማጣሪያ ያለው ናፍጣ መኪና ሲ2 ወይም ሲ3 የሚል የአውሮፓ ደረጃ ያለው፣ አመድ የሚያሳንስ ዘይት ይፈልጋል። ሌላው ዘይት የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ሲቃጠል የሚተወው አመድ ማጣሪያውን ይደፍነዋል፤ አመድ ደግሞ እንደ ጥላሸት በሙቀት ተቃጥሎ አይጠፋም። በዘይት ውስጥ የሚሽከረከር የጎማ ቺንጋ ያለባቸው ሞተሮችም አሉ። እነዚህ ከታዘዘው ዘይት ውጭ ሲሰጣቸው ቺንጋው ያብጣል፣ ይላጣል፣ ፍርፋሪው የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ይዘጋል።

በመጨረሻ «የጸደቀ» እና «የሚስማማ» የሚሉትን ቃላት ለዩ። «ኤምቢ አፕሩቫል 229.5» የሚል ጽሑፍ መኪና ሠሪው መርሴዲስ ቤንዝ ዘይቱን ፈትሾ ተቀብሎታል ማለት ነው። «ለ229.5 የሚስማማ» የሚለው ግን የዘይት ሻጩ የራሱ ቃል ነው።

የሚወሩና የሚሆኑ

«ሲንተቲክ ዘይት ያንጠባጥባል» የሚለው እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ የቀረ ነው፤ በዚያን ጊዜ አንዳንድ ዘይቶች ዘይት የሚያግዱትን ጎሚኒዎች ያሳንሱ ነበር። ዛሬ ለዚህ የሚሆን አዲቲቭ ይጨመራል። ሲንተቲክ ገብቶበት ማንጠባጠብ የጀመረ የድሮ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ጎሚኒው ቀድሞውኑ ደርቆ፣ ስንጥቁ በዝቃጭ ተደፍኖ የነበረ ነው፤ አዲሱ ዘይት ዝቃጩን ያጥበዋል።

«አንዴ ሲንተቲክ ከገባ ወደ ሚኒራል መመለስ አይቻልም» የሚለውም እውነት አይደለም። ኤፒአይ ደረጃ ያገኘ ዘይት ከሌላው ጋር መዋሃዱ ይፈተናል። መንገድ ላይ ዘይት ጎድሎ የሚገኘው ሌላ ዓይነት ብቻ ከሆነ፣ ውፍረቱ የተቀራረበ እስከሆነ ድረስ መጨመር ባዶ ከመንዳት እጅግ ይሻላል። ቅልቅሉ ግን የደካማውን ጠባይ ስለሚይዝ የሚቀየርበት ጊዜ በሚኒራሉ ይቆጠር።

ዘይት ጠቆረ ማለትም ሞተ ማለት አይደለም። ናፍጣ ሞተር ውስጥ በጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ይጠቁራል፤ ሥራው ጥላሸቱን ተሸክሞ መዞር ነውና።

ቅየራው

ጥሩ ዘይት በመጥፎ ቅየራ ይባክናል። መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ይቁም፤ ሞተሩ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይሥራና ለብ ሲል ይጥፋ። በጣም የጋለ ዘይት እጅ ይጠብሳል፣ የበረደ ደግሞ ቆሻሻውን ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ውስጥ ትቶ ይወጣል። ከሥር የሚገባ ሰው በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር መግባት የለበትም፤ ካቫሌቶ (የብረት መቆሚያ) ይደገፍበት።

ማፍሰሻ ቡሎኑ ሲፈታ ያለችው የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ሮንዴላ አንዴ ስትጠብቅ ተጨፍልቃ ቅርጿን ይዛለች፤ በአዲስ ትተካ። አሮጌዋን መልሶ የገጠመ ሰው ጠብታ ያያል፣ ጠብታውን ለማስቆም ቡሎኑን አጥብቆ ያስረዋል፣ የአሉሚኒየም ኮፓው ጥርስ ይላጣል። ለብዙ የቤት መኪኖች ከ25 እስከ 40 ኒውተን ሜትር ይበቃል፤ ትክክለኛው መመሪያው ላይ አለ።

ፊልትሮው ላይ ያለው ስሕተት ከዚህ ይብሳል። አሮጌው ሲፈታ ጎሚኒው ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ሳያዩ አዲሱን ከነጎሚኒው ሲገጥሙበት ሁለት ጎሚኒ ይደራረባል፣ ሞተሩ ተነሥቶ ግፊት ሲመጣ አንዱ ይሾልክና ዘይቱ በደቂቃዎች ውስጥ መሬት ላይ ያልቃል። ስለዚህ አሮጌውን ፊልትሮ ገልብጠው ጎሚኒው አብሮ መውጣቱን ይዩ፣ የሞተሩን ገጽ በጨርቅ ይጥረጉ። አዲሱ ጎሚኒ በጣት ንጹሕ ዘይት ይቀባ። ፊልትሮው በእጅ ይጠምዘዝ፤ ጎሚኒው ገጹን ከነካ በኋላ ሦስት አራተኛ ዙር ብቻ። ቁልፍ ለመፍታት እንጂ ለማጥበቅ አያስፈልግም።

ፊልትሮ ሲመረጥ ሁለት ነገር ይታይ። ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ ወደ ኮፓው እንዳይመለስ የሚይዘው ክዳን ከሲሊኮን የተሠራ ከሆነ ሙቀት አያደርቀውም፤ የደረቀ ጎማ ከሆነ ጠዋት ሞተሩ ሲነሣ ለሰከንዶች «ኳ ኳ» ይሰማል። ሁለተኛ፣ ለ5,000 የተሠራ ፊልትሮ ከ15,000 ዘይት ጋር አይገጠምም። ወረቀቱ ሲደፈን ማሳለፊያ ቫልቩ ይከፈትና ያልተጣራ ዘይት በቀጥታ ወደ ብሮንዙ ይሄዳል።

4 ሊትር ለሚይዝ ሞተር መጀመሪያ 3.5 ይሞላ። ሞተሩ ይነሣ፤ የዘይት መብራቱ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ መጥፋት አለበት፣ ካልጠፋ ወዲያው ይቁም። አንድ ደቂቃ ሠርቶ ይጥፋ፣ 5 ወይም 10 ደቂቃ ይቆይ፣ ከዚያ መለኪያ ዘንጉ ታይቶ ይሙላ። በዝቅተኛውና በከፍተኛው ምልክት መካከል በብዙ መኪኖች ወደ 1 ሊትር ገደማ አለ። «ትንሽ ቢበዛ አይጎዳም» አይባልም፤ ከልክ ያለፈ ዘይት የክራንክሻፍቱ ክንዶች ጋ ደርሶ ይመታና አረፋ ይሆናል። አረፋ ደግሞ ብረትን ከብረት አይለይም።

መቼ ይቀየር?

ሚኒራል በየ5,000 ኪሎ ሜትር ወይም በ6 ወር፣ ሲንተቲክ በየ10,000 ወይም በ12 ወር፣ የቀደመው ይያዝ። ለከባድ አጠቃቀም በግማሽ ይቀነስ። ከባድ የሚባለው ደግሞ ብዙዎች ቀላል የሚሉት ነው፦ ከ10 ኪሎ ሜትር በታች የሆኑ ተደጋጋሚ ጉዞዎች፣ መጨናነቅ ውስጥ በሚኒሞ መቆም፣ አቧራ። ሞተሩ ሳይሞቅ ሲጠፋ ቤንዚንና ውሃ ዘይቱ ውስጥ ይከማቻሉ፣ በሚኒሞ ሲሠራ ደግሞ ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ዝም ይላል። ቤንዚንን፣ ውሃንና አቧራን የሚያስወግድ ሲንተቲክ የለም፤ የሚወጡት ዘይቱ ሲፈስ ነው። ለእንዲህ ያለ አጠቃቀም በየ5,000 የሚቀየር ርካሽ ኤስፒ ዘይት እመርጣለሁ።

የፈሰሰውን ዘይት ማየት ወጪ የለውም። ወተት የመሰለ ከሆነ የራዲያተር ውሃ ገብቶበታል፤ የቴስታ ጋስኬት ይጠርጠር። ቤንዚን ቤንዚን የሚል ከሆነ ነዳጅ እየተደባለቀ ነው። በብርሃን ሲያዩት የሚያብረቀርቅ ብናኝ ካለው ብሮንዝ እየተበላ ነው። የዘይት ታፖው ሥር ጥቁር ቅባት ተጋግሮ ከተገኘ ሞተሩ በዝቃጭ ተይዟል። በዚህ ጊዜ ጠንካራ የሞተር ማጠቢያ መጨመር አይመከርም፤ ዝቃጩ በቁራጭ ይላቀቅና የመሳቢያውን ወንፊት ይደፍናል። ጥሩ ዘይት አስገብቶ ሁለት ሦስት ጊዜ በ2,000 ኪሎ ሜትር መቀየር ቀስ እያለ ያጥበዋል።

መኪናው ከፍ ባለበት ጊዜ ሌላውም ይታይ። የአየር ማጣሪያው ከቆሸሸ አቧራው ዘይቱን ያበላሻል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ በ2 ዓመት ይቀየራል፤ ዶት 4 አዲስ ሲሆን ቢያንስ በ230 ዲግሪ የሚፈላው፣ እርጥበት ሲጠጣ እስከ 155 ሊወርድ ይችላል፣ ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ ወለል የሚነካው ያኔ ነው።

የተቀየረው ዘይት ወደ ባዶው ጋሎን ተመልሶ፣ ፊልትሮውም ተገልብጦ እስኪንጠፈጠፍ ቆይቶ፣ ያገለገለ ዘይት ለሚሰበስብ ይሰጥ፤ መሬት ላይም ፍሳሽ ውስጥም አይደፋ። ሌላ ባዶ ጋሎን ከቀረ ቢላዋ ይግባበት። ያልተቀደደ ጋሎን ከነታፖው ሌላ ዘይት ተሞልቶ እንደ አዲስ ይሸጣልና፣ አዲስ ሲገዙም የታፖው ማሸጊያ ቀለበት አለመበጠሱን፣ የምርት ቁጥሩም ጋሎኑ ላይ በጉልህ መታተሙንና አለመፋቁን ከመክፈል በፊት ይዩ።